ቤት ጎትቶ ሀረጎን መውጣት

ሐሙስ፣ ኮምቦልቻ

ካራቫኑ ከአዲስ አበባ በሎቤድ ተጭኖ የገባው ትናንት ማታ ነው። ጠዋት ስንነሳ የሰፈሩ ልጆች አጥሩ ላይ ተደርድረዋል። "የክትባት ነው?" አለ አንዱ። "ኧረ ባንክ ነው" አለ ሌላው። አንዲት ጎረቤት ደግሞ ቡና ልንሸጥበት መስሏት ስኒው ስንት እንደሆነ ጠየቀችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖሮ ተመለሰ። ከዚያ ይዞት የመጣው አመል መኪና ኋላ ቤት አስሮ መዞር ነው። አገር ለቆ ከሚሄድ አንድ የውጭ ዜጋ ላይ አሜሪካ ሠራሽ ካራቫን ገዛ። ስድስት ሜትር ርዝመት፣ ሁለት አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ የውሃ ታንከር፣ አራት ጎማ አለው። እናቱን፣ የእኔን አክስት እቴቴን፣ ሐይቅ ዳር ሊያሳድራቸው ቃል ገብቷል። እቴቴ ሆቴል አይወዱም። "አንሶላው የሰው ነው" ይላሉ።

መንገዱ በርቀት ከሆነ ቀልድ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደሴ ሐይቅ ከተማ 30 ገደማ። ግን ኮምቦልቻና ደሴ መሃል ሀረጎ የሚባለው ዳገት አለ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ደሴ 2,500 አካባቢ። ያን ሁሉ ከፍታ በዚያች አጭር መንገድ መውጣት አለ። ከዚያ የባሰው ደግሞ መውረዱ ነው።

ከሰዓት በሐርቡ በኩል ለሙከራ ወጣን። የምነዳው እኔ ነበርኩ። በ40 ጸባዩ ሸጋ ነበር። 60 ስንደርስ ካራቫኑ ጭራውን መቁላት ጀመረ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ ፒካፑንም ይዞ ግራ ቀኝ። አንድ ሲኖትራክ በፍጥነት ሲያልፈን ደግሞ ነፋሱ ጨመረበት። መሪው እጄ ላይ እንደ ባዶ ሳፋ ቀለለብኝ። የአክስቴ ልጅ "ፍሬን እንዳትረግጥ!" ብሎ ጮኸ። እግሬን ከነዳጁ አንስቼ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ። ቀስ በቀስ ረጋ። እኔ ግን አልረጋሁም። በ30 ተመለስን።

ጎረቤታችን ሐጂ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። በአሰብ ወደብ ዘመን በባቲ በሚሌ አድርገው ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ካራቫኑን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ጎንበስ ብለው ጎማዎቹን አዩ።

"ይሄ እኔ የማውቀው ተሳቢ አይደለም" አሉ። "የኔው ፊትም ኋላም እግር ነበረው። በራሱ ይቆማል። የመኪናው ሥራ መጎተት ብቻ ነው። ይሄ ግን እግሩ መሃል ላይ ነው። ይደገፍባችኋል።"

ሌሊቱን ሳሰላስል ያደርኩት ይህችን ነው። እውነታቸውን ነው። የጭነት ተሳቢ የፊት ጎማ ስላለው መኪናው ላይ ይህ ነው የሚባል ክብደት አይጥልም። ካራቫን ግን እንደ ሚዛን ነው። ፊቱ ሲከብድ መኪናውን ይጫናል። ኋላው ሲከብድ እንደዛሬው ጭራውን ይቆላል።

ዓርብ፣ አሁንም ኮምቦልቻ

የአክስቴ ልጅ መፍትሔውን በሁለት ሻንጣ ከአሜሪካ ይዞት መጥቷል። ብረቱ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሰው ሽቶና ጫማ ያመጣል፣ እሱ ብረት። ክብደት አከፋፋይ ጋንቾ ነው። ካራቫኑ የሚያያዝበትን የብረት ኳስ የሚሸከም ወፍራም ራስ፣ ከራሱ ወደ ኋላ የሚዘረጉ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች፣ ዘንጎቹን ከካራቫኑ አንገት፣ ከፊቱ ከወጣው መጎተቻ ብረት፣ ጋር የሚያስሩ ሰንሰለቶች። "እሱን እንግጠምና አለቀ" አለ።

"መጀመሪያ መዝኑት" አሉ ሐጂ።

የእህል መጋዘን ያለው ወዳጅ ነበራቸው፣ የምድር ሚዛን አስተክሏል። ከጁምዓ በፊት ሄድን። ካራቫኑ ለብቻው፣ ከነጓዙ፣ 2,150 ኪሎ። ይህ የመጀመሪያው ቁጥር ነው።

ሁለተኛው ቁጥር የበለጠ ያስፈልጋል። የካራቫኑ አንገት ኳሱ ላይ ስንት ኪሎ ይጥላል? ለአሜሪካ ሠራሽ ካራቫን የሚመከረው ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ለእኛው ከ215 እስከ 320 ኪሎ መሆኑ ነው። ግን በምን እንለካው? አስፋልት ዳር ቁጭ ብሎ መንገደኛ የሚመዝን ልጅ ትዝ አለኝ። ሚዛኑን ለግማሽ ቀን ተከራየነው። ባለቤቱም አብሮ መጣ።

የሰው ሚዛን እንዲህ ያለውን ሸክም በቀጥታ አይችለውም። ዘዴው ሳንቃ ነው። የሳንቃውን አንድ ጫፍ ጡብ ላይ፣ ሌላውን ሚዛኑ ላይ ታሳርፋለህ። አንገቱን ጡቡ አጠገብ፣ ከርቀቱ አንድ ሦስተኛው ላይ ታስቀምጣለህ። ያኔ ሚዛኑ የሚያነበው የክብደቱን ሲሶ ነው። በሦስት ታባዛለህ። ልጁ ይህን ሲሰማ የእሱንም ዋጋ በሦስት አባዛው። ተከራክረን በሁለት ተስማማን።

የሳንቃውን ክብደት ቀንሰን ያነበብነው 40 ነው። በሦስት ሲባዛ 120 ኪሎ። ከ6 በመቶ በታች! ትናንት ያስፈራራን ማን እንደሆነ ታወቀ።

ጓዙን ፈተሽነው። 150 ሊትር ውሃ የሚይዘው ታንከር ከኋላ ነው፣ አፉ ድረስ ሞልተነዋል። ጄኔሬተሩ ከኋላ መከላከያው ላይ ታስሯል። ከኋለኛው አልጋ ሥር ደግሞ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ተገኘ። ለሁለት አዳር! ሁላችንም እቴቴን አየናቸው። "እንግዳ ቢመጣስ?" አሉ። እውነት ነው፣ ሐይቅ ዳር በቆመ ካራቫን እንግዳ ቢመጣስ።

ውሃውን ለቀቅነው፣ ደሴም ሐይቅም ውሃ አይጠፋም። ጄኔሬተሩ ፊት ለፊት ካለው ሳጥን ገባ። ጤፉ ከጎማዎቹ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ወደ ፊት ተቀመጠ። እንደገና ለካን። ሚዛኑ 89 አለ፣ በሦስት 267 ኪሎ። ጠቅላላው ደግሞ ያለ ውሃው 2,000 ስለሆነ 13 በመቶ ግድም ነው። አንድ ብሎን ሳንፈታ፣ አንድ ብር ዕቃ ሳንገዛ። ከሚዛኑ ኪራይ በቀር።

ቅዳሜ፣ ግቢ ውስጥ

አንገቱ አሁን በደንብ ይጫናል። አዲስ ችግር መጣ። ካራቫኑን ስናያይዘው ፒካፑ ቂጡን ጣል፣ አፍንጫውን ቀና አደረገ። መብራቱ ሰማይ ያያል። የፊት ጎማ ሲቀልለው ደግሞ መሪም ፍሬንም ይሰንፋል። ጋንቾው የመጣው ለዚህ ነው።

ስለ ምርጫው ትንሽ ልበል፣ ዕቃውን ልግዛ የሚል ካለ። የዘንጎቹ አቅም የሚመረጠው በአንገቱ ክብደት ነው፣ በጠቅላላው አይደለም። በዚያ ላይ ከፒካፑ የኋላ አክስል በስተኋላ የሚጫን ነገር ካለ ይደመራል። የእኛ 267 ነው፣ የመሣሪያ ሳጥንና ጀሪካን 60 ቢሆን 327 ኪሎ። የመጡት ዘንጎች 800 ፓውንድ የሚሉ ናቸው፣ 360 ኪሎ ግድም። ልክ ናቸው። የአክስቴ ልጅ ባለ 1,200 ፓውንዱን ሊያመጣ ነበር፣ "ትልቅ ይሻላል" ብሎ። አይሻልም። ከልክ በላይ የጠነከረ ዘንግ አይታጠፍልህም። በየጉድጓዱ የካራቫኑንም የፒካፑንም ሻንሲ ይደበድባል። የእኛን መንገድ ታውቁታላችሁ።

ኳሱ ሌላ ጣጣ አለው። የእኛ ካራቫን የሚፈልገው 2 ኢንች ከ5/16 ነው፣ 58.7 ሚሊ ሜትር። አንድ ወዳጄ "የኔ ፒካፕ ላይ ያለውን መጠባበቂያ ያዙት" ብሎ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኳስ አመጣ። ገባ። ተቆለፈም። ቀጥሎ ካራቫኑን በክሪክ ወደ ላይ ስናነሳው ብቅ ብሎ ወጣ። ሀረጎ መሃል ላይ ቢሆን ምን እንደሚሆን አስቡት። ከዚያ ወዲህ ኳሱ ላይ የተጻፈውን ሳላነብ አላያይዝም።

የሰፈራችን በያጅ መጎተቻውን መከላከያው ላይ ሊበይድልን ጠይቆ ነበር። እጁ ወርቅ ነው። ግን ይህ ጋንቾ ወደ ታች ብቻ አይደለም የሚስበው፣ ይጠመዝዛልም። ጋንቾው የሚሰካበት መቀበያ ሻንሲው ላይ በቡሎን መታሰር አለበት፣ ለዚህ ዓይነት ጫናም የተሠራ መሆን አለበት። የእኛው አዲስ አበባ እያለ እንደዚያ ተገጥሟል።

አሠራሩን ለእቴቴ ያስረዳሁት በካሪዮላ ነው። ፒካፑን ካሪዮላ ነው በሉት። ኋላው ሲወድቅ አንድ ጉልበተኛ እጀታዎቹን ይዞ ወደ ላይ ቢያነሳ፣ ሸክሙ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል። ዘንጎቹ እጀታዎቹ ናቸው። ሰንሰለቱ ጉልበተኛው ነው። ዘንጉ ተወጥሮ ሲታጠፍ የክብደቱን ከፊል ወደ ፒካፑ ፊት ይገፋዋል፣ ከፊሉን ደግሞ ወደ ካራቫኑ ጎማዎች ይመልሳል።

"ታዲያ ክብደቱ የት ሄደ?" አሉ እቴቴ።

"የትም አልሄደም፣ ተከፋፈለ።"

"እህህ። እንደ ዕቁብ።"

ከዕቁብም ይልቅ እንደ ሸክም ነው፣ ግን ተውኳቸው። ዋናው ነገር ገብቷቸዋል። ይህ ጋንቾ ፒካፑ ከሚችለው በላይ እንዲጎትት አያደርግም። ከኋላ የተጫነ ውሃና ጤፍንም አያርምም።

ልኬቱ የሚሠራው በሜትርና በእርሳስ ነው። ሜዳ ቦታ ቆመን ከፊት ጎማው በላይ ያለውን ቅስት ከመሬት ለካን። ፒካፑ ለብቻው 92 ሳንቲ ሜትር። ካራቫኑ ሲያያዝ፣ ዘንጎቹ ሳይወጠሩ፣ 95.5። ማለት የፊቱ በ3.5 ሳንቲ ሜትር ተነስቷል። የፈለግነው ቢያንስ ግማሹን መመለስ ነው። ሰንሰለቱን ላላ አድርገን ሞከርን፣ 94.5። አልበቃም። አንድ ቀለበት አሳጠርነው፣ 94። የጋንቾው ራስ ዝንባሌ እንዲጨምር ሁለት ሮንዴላ አስገባን፣ 93.5። ሐጂ "በቃ፣ አትስገብገቡ" አሉ። ልክ ናቸው፣ ከልክ በላይ ሲወጠር ደግሞ የፒካፑ የኋላ ጎማ ይቀልና በእርጥብ መንገድ ይንሸራተታል።

ይህ ሁሉ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ፈጀ። መጨረሻ ላይ ጎን ለጎን የሚታሰረውን የመወዛወዝ መግቻ ገጠምን። የሚሠራው በፍትጊያ ነው። ጭራው ሊቆላ ሲል ይይዘዋል። የካራቫኑ ፍሬን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ መቆጣጠሪያው ከመሪው ሥር ተገጠመ። በእጅ የምትገፋ ትንሽ መላወሻ አለችው፣ እሷን ብቻ ስትነካ የካራቫኑ ጎማዎች ብቻ ይይዛሉ። ሐሙስ ዕለት እሷ ብትኖረኝ ኖሮ!

እሑድ፣ ሀረጎና ደሴ

በጠዋት ወጣን። ሐጂ ፊት፣ እቴቴ ከልጃቸው ጋር ኋላ። የመጋቢት ጉም ሀረጎን ሸፍኖታል። ሁለተኛ ማርሽ፣ አንዳንዴ አንደኛ። ቅጥቅጡም ሚኒባሱም እያለፈን "አቦ ቤታችሁን ተዋት!" ይሉናል። ሲኖትራክ ሲያልፈን ጠበቅኩት። ነፋሱ ነካ አደረገን፣ አለቀ። ፒካፑና ካራቫኑ እንደ አንድ ዕቃ ሄዱ። ስለ መንገዱ ሌላ የምጽፈው የለኝም፣ የደስታዬም ምክንያት ይህ ነው።

ደሴ ስንገባ ፒያሳ ላይ ሰው ቆሞ አየን። ቧንቧ ውሃ አካባቢ ያለ ዘመድ ግቢ ልናድር ነው። የግቢው በር ፊት ለፊት ጥልቅ ቦይ አለ። እዚህ ሐጂ አስቆሙን። ፒካፑ ቦዩን ተሻግሮ ሲቀና ካራቫኑ ገና ወደ ታች ነው፣ ያኔ ዘንጎቹ ከአቅማቸው በላይ ይታጠፋሉ። ዘንጎቹን አወረድን። ወደ ኋላ ስለምንገባም የመወዛወዝ መግቻውን ፈታን፣ ጥግ ድረስ ሲታጠፍ ይሰበራልና። ካራቫን ወደ ኋላ ማስገባት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። አርባ ደቂቃና ሁለት የተገጩ የአበባ ማስቀመጫዎች ብዬ ልለፈው።

ሰኞ፣ ሐይቅ

ሰኞ ገበያ ቀን ደሴን ተሳቢ ይዞ መውጣት ጅልነት ነው። አህያ፣ ባጃጅ፣ በግ፣ እኛ። ከከተማ ስንወጣ የበልግ ዝናብ ያዘን። መንገዱ ሲያንሸራትት የመወዛወዝ መግቻውን አላላነው። በእርጥብ አስፋልት መታጠፊያ ላይ ፒካፑ እንዳይዞር ይጎትተዋል። በ40 ሄድን።

ሐይቅ ዳር ስንደርስ ዝናቡ አቆመ። ካራቫኑን ለማላቀቅ ቸኮልኩ። ሰንሰለቱን የሚያወርደው እጀታ በረጅም ቱቦ ነው የሚገፋው። መጀመሪያ የካራቫኑን አንገት ከፒካፑ ጋር እንደተያያዘ በክሪክ ከፍ ማድረግ፣ ውጥረቱ ሲላላ ዘንጉን ማውረድ ነው ደንቡ። እኔ ክሪኩን ዘለልኩት። ቱቦው ከእጄ አምልጦ ጆሮዬ አጠገብ ፉጨት እያሰማ አለፈና ካራቫኑ ላይ የእንቁላል የሚያህል ጎድጓዳ ትቶ ወደቀ። ዓሣ የሚሸጡት ልጆች አጨበጨቡ። የአክስቴ ልጅ ምንም አላለም። ክሪኩን አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠ።

ከሰዓት እስጢፋኖስ ገዳም ሄድን። ሴት ስለማይገባበት እቴቴ ከደጅ ተሳልመው ተመለሱ። ማታ ዓሣ ጠበስን። እንግዳም መጣ፣ እመኑኝ። የአካባቢው ሰው ቤቱን ሊያይ እየመጣ ቡና ጠጣ፣ እስከ በረካ። እቴቴ ጤፋቸውን ሲያነሱብኝ አመሹ።

ማክሰኞ፣ ቁልቁለት

ጠዋት እንደ ልማዴ የፊቱን ለካሁ። ቁጥሩ ዝቅ ብሏል። ዘንጎቹን እዚያው ቀለበት ላይ ነው ያሰርኳቸው። ዞሬ ሳየው፣ ትናንት ለዕቃ ማጠቢያ የሞላነው ታንከር እንደሞላ ነው። አንገቱ ቀለለ ማለት ነው። ውሃውን ባሕር ዛፉ ሥር ለቀቅነው፣ እንደገና ለካሁ፣ 93.5።

ደሴን በዳር አልፈን ሀረጎ አናት ላይ ቆምን። ሐጂ "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" አሉኝ። በሁለተኛ ገባሁ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ይጩህ። ፍሬን ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ። በየመሃሉ ሐጂ መስኮት ከፍተው ያሸታሉ። ከፊታችን የሚወርደው አይሱዙ ፍሬኑ ሸተተ፣ ዳር ይዞ ቆመ። እኛ አልሸተትንም።

ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ስንደርስ ሐጂ አስቆሙኝ። ወርደው በካራቫኑ በየጎማው ማዕከል መዳፋቸውን አስጠጉ። የፊት ግራ፣ ሞቃት። የኋላ ግራ፣ ሞቃት። የፊት ቀኝ፣ ሞቃት። አራተኛው ላይ መዳፋቸውን ጥለው ቆዩ።

"ይሄኛው አብሮን አልወረደም" አሉ። "ቀዝቃዛ ነው።"

የፍሬኑ ሽቦ ተበጥሶ ይሆናል፣ ወይ የኤሌክትሪኩ መሬት (ግራውንድ) አልያዘ ይሆናል። ነገ ጎማውን አውልቀን እናያለን። እቴቴ በፒካፑ የኋላ መስኮት ብቅ ብለው ደርሰናል ወይ አሉ።